የቮልሷ ጉልበት

መኪናም እንደ ሰው ነው፤ ዕድሜ ሲጫነው አስቀድሞ የሚከዳው ጉልበቱ ነው ይላሉ የድሮ ሾፌሮች። እኔ ይህን ነገር ያመንኩት ግቢያችን ውስጥ በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ ዓይኔ አቧራ ከገባበት በኋላ ነው።

የቤታችን ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. የ1963 ሥሪት ናት። አባቴ ከመምህርነት ደመወዙ አጠራቅሞ በ1964 ዓ.ም. ያገለገለች ገዛት። እኔ ከእሷ በኋላ ስለተወለድኩ ታላቄ ናት ማለት ይቻላል። አባቴ በ2009 ዓ.ም. ሲያርፍ ቁልፏ ለእኔ ደረሰኝ።

ባለፈው ክረምት ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ቁልቁል ስወርድ የፊት ጎማዋ ጉድጓድ ነካና መሪው እጄ ላይ እንደ ወንፊት ይንቀጠቀጥ ጀመር። ልጄ ከጎኔ ነበረች። ፍጥነት ስቀንስ ቆመ፤ ልጄ ግን ከማግስቱ ጀምሮ በታክሲ መሄድ መረጠች። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ሾክ አብዞርበሩን ቀየሩልኝ፣ ጎማውን ባላንስ አደረጉልኝ፣ ኪሴንም አቀለሉልኝ፤ መንቀጥቀጡ ግን እንዳለ ተከትሎኝ ቤት ገባ።

እንግዲያው ራሴ ልየው ብዬ አንድ እሑድ ጧት የኋላ ጎማዎቿን በድንጋይ አስደግፌ ፊቷን በክሪክ አነሣሁ። ክሪክን ብቻ አምኖ መኪና ሥር መግባት ሞትን መጥራት ነውና ወፍራም ግንዲላ አስገባሁባት። ጎማውን ከላይና ከታች ይዤ ስነቀንቀው ቀጭ፣ ቀጭ አለ። ይህ ክፍተት ከጎማው ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል፤ ጎማው ከሚታጠፍበት ፒንም ሊሆን ይችላል። መለያው ቀላል ነው፦ ሰው ፍሬን ሲረግጥ ቀጭታው ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ ፒኑ ነው። ቤት የነበረችው እናቴ ብቻ ናት።

“እማዬ፣ እስቲ ነይና ፍሬን ርገጭልኝ።”

በሩን ተደግፋ፣ “እህህ… ይሄ ጉልበቴ” እያለች ገባችና ረገጠች። ቀጭታው አልጠፋም።

“ፒኑ ተበልቷል” አልኳት።

“ግራሶ አጥታ ነዋ! አባትህ እሷን ግራሶ ሳያጠጣ መቼ መንገድ ይወጣ ነበር? በስተመጨረሻ እንኳ ጎንበስ ማለት ሲያቅተው አንተን ጠርቶህ የለም? ነገ አልከው።”

አስታወስኩት። አባቴ አልተቆጣኝም ነበር። የግራሶ ፖምፓውን በጨርቅ ጠቅልሎ መደርደሪያው ላይ መለሰው። እኔም ያን ጊዜ ሳልፍ ስገባ አየዋለሁ፤ ዘይቷን በወቅቱ አስቀይራለሁ፤ ግራሶው ግን “ነገ” እንደተባለ ዓመታት አለፉ።

የዚች መኪና የፊት እግር በጥቅል ሞላ የቆመ አይደለም። በሁለት አግድም ቱቦዎች ውስጥ የተደራረቡ ስስ ብረቶች አሉ፤ ጎማው ወደ ላይ ሲነሣ ይጠማዘዛሉ፣ ሲወርድ ይመለሳሉ። እነሱ ቶሎ አይደክሙም። የሚያልቁት ከጫፋቸው ሆነው ጎማውን የሚሸከሙት ፒኖችና ፒኖቹ የሚሰኩባቸው፣ መካኒኮች ቦኮላ የሚሏቸው ቀለበቶች ናቸው። ፋብሪካው ከ1966 ሞዴል ጀምሮ በኳስ መጋጠሚያ ተክቷቸዋል፤ የእኛዋ ግን የፊተኛዋ ናትና ግራሶ ካጣች ብረት ብረትን ይበላል።

ዕቃውን ፍለጋ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። ይህ ዓይነቱ ቮልስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ መሠራቱ ቢያበቃም መለዋወጫው ከነጭራሹ አልጠፋም። የድሮውን ፒን ለማውጣት ናፍታ አጠጥቼ አሳደርኩት፤ በመዶሻም ለመንኩት። አዲሱ ቦኮላ እንዲሁ ተሰክቶ የሚተው አይደለም፤ በፒኑ ልክ መሞረድ አለበት። ይህ በቤት ስለማይሆን ቶርኖ ቤት ወሰድኩት። አግድሞቹን ፒኖች ደግሞ እስኪከብዱ አጥብቄ በጥቂቱ መለስኳቸው፤ ሲጠብቁ መሪው ይከብዳል፣ ሲላሉ ያ መንቀጥቀጥ ይመለሳል።

በመጨረሻ ያቺን ፖምፓ ከመደርደሪያው አወረድኳት። አባቴ የጠቀለለባት ጨርቅ እንኳ አልተፈታም ነበር። ጎማዎቹ መሬት ሳይነኩ፣ አሮጌው ጥቁር ቅባት ተገፍቶ ንጹሑ ብቅ እስኪል ድረስ ሞላኋት።

እናቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች።

“ጎሽ! አሁን ዳነች” ብላ ግድግዳውን ይዛ ተነሣች። መነሣቱ ጊዜ ወሰደባት። ከፋሲካ ጀምሮ ሐኪም ቤት ውሰደኝ ስትለኝ እንደነበር ያኔ ትዝ አለኝ። ምን ብዬ እንደምመልስላት አንባቢ ሳይገምት አይቀርም።

በማግስቱ ሰኞ ከሥራ አስፈቅጄ ከፊት አስቀመጥኳት። ልጄም ጥቂት አመንትታ ከኋላ ገባች። ቁልቁለቱን ስንወርድ እናቴ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ታወራ ነበር። እኔ መሪውን በሁለት እጄ ይዤ እስከ ስድስት ኪሎ ድረስ አዳመጥኩት። አልተንቀጠቀጠም።