የተወተፈች ቀዳዳ

ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ፣ ከግቢያችን የማንጎ ዛፍ ሥር አንዲት ቀይ ትራክተር ቆማ ነበር። ማሴ ፈርጉሰን 135 ትባላለች። ይህ ዓይነት እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1975 የተሠራ ነውና በዕድሜ ታላቄ ናት። ታላቅ ወንድሜ በሬዎቹን ሸጦ፣ የጎደለውንም ተበድሮ ነው የገዛት። ሐሳቡ ከጣና በስተምሥራቅ ባለው የፎገራ ሜዳ ለሩዝ ገበሬዎች እያረሰ ብድሩን መክፈል ነበር። የፎገራ ጥቁር አፈር ክረምት ከገባ በኋላ ጭቃ ነው፤ የሚታረሰው ሁሉ በግንቦት መታረስ አለበት።

ሚያዝያ ላይ ከሆዷ ሥር ካለች ትንሽ ቀዳዳ ዘይት ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ጧት ስነሣ መሬቱ ላይ የሰሃን ያህል ጥቁር ክብ ይጠብቀኛል። ወንድሜ ደንበኛ ሊያነጋግር ወረታ ሄዶ ነበርና ብልሃቱን ለብቻዬ አገኘሁት። እንጨት ጠርቤ፣ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ቀዳዳዋን ወተፍኋት። በማግስቱ መሬቱ ደረቅ ነበር። ወንድሜ ሲመለስ «ሠራኋት» አልሁት። አመሰገነኝ። ያ ምስጋና እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ግንቦት ገባ። በመጀመሪያው ማሳ ላይ ማረሻው መሬት ሲነክስ ሞተሩ አገሣ፤ ትራክተሯ ግን ንቅንቅ አላለችም። የተቃጠለ ነገር ሸተተ። ገበሬዎቹ ዳር ቆመው አዩን፤ አንዳቸውም ምንም አላሉም። በአይሱዙ ተጭና ወደ ሹም አቦ ተመለሰች።

በሰፈራችን ጡረታ የወጡ መካኒክ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በተቋቋመውና ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል በሆነው ፖሊቴክኒክ የእርሻ መሣሪያ ሙያ የተማሩ ናቸው። ጋሼ ቁልፍ አላነሡም። በጀርባቸው ተኝተው ከሥሯ ገቡና ውታፌን አገኙት።

«ይህን ያደረገው ማን ነው?»

ወንድሜ ዞሮ አየኝ። «እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አልሁ።

አልተቆጡም። ጣሳ ደቅነው ውታፉን ነቀሉት፤ ግማሽ ጣሳ የሚሆን ዘይት ወረደ። «ይህችን ቀዳዳ የሠራተኛ ስሕተት አደረግሃት፣ ልጄ? ፍሪሲዮን ደረቅ ቤት ውስጥ ነው የሚሠራው። ከፊቱ የሞተር ዘይት፣ ከኋላው የካምቢዮ ዘይት አለ። አንዱ ድንበሩን ሲያልፍ በዚች በኩል ወጥቶ እንዲነግርህ ነው የተተወችው። አንተ የነጋሪዋን አፍ ዘጋህ፤ ዘይቱ ግን መፍሰሱን አልተወም።»

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ «ዘይቱ የማን ነው?» የሚል ነበር። የናፍጣ ሞተር ዘይት ሲሠራበት እንደ ጥላሸት ይጠቁራል፤ በጣሳው ያለው ግን የማር መልክ ነበረው። መለኪያ ዘንጎቹን አወጡ፤ የሞተሩ ልኩ ላይ ነው፣ የካምቢዮው ወርዷል። ነገሩ ለየ። ቢሆንም ጋሼ አልቸኮሉም። ዘይት ከልክ በላይ ተሞልቶ ነበር ወይ? መተንፈሻው ተደፍኖ ይሆን? የታፈነ ካምቢዮ ሲሞቅ ግፊቱ ደኅናውን ፓራሊዮ ሳይቀር ያልፋል አሉ። ፓራሊዮ በሚዞር ዘንግ ዙሪያ ዘይት የሚያግድ የጎማ ቀለበት ነው። የጋራዥ አማርኛ ነገር! ትራክተሯ እንግሊዛዊት፣ መካኒኩ ሐበሻ፤ ቡሎኑ፣ ኩሽኔታው፣ ፓራሊዮው ግን ሁሉም ጣሊያንኛ።

መተንፈሻው ደኅና ሆኖ ተገኘ። ጥፋቱ ከካምቢዮ ወደ ፍሪሲዮን የሚገባው ዘንግ ፓራሊዮ ላይ ነበር። እዚህ ላይ ጭንቁ መጣ። የፈርጉሰን ትራክተር ሻሲ የለውም፤ ሞተሩ፣ ካምቢዮውና የኋላ አክስሉ እርስ በርስ ታስረው ራሳቸው አከርካሪ ይሆናሉ። ስለዚህ ከመዳፍ የማትሰፋ ጎማ ለመለወጥ ትራክተሯን ከወገቧ ለሁለት መክፈል ግድ ነው። ወንድሜ ሰማዩን አየ። «ዘይት እየጨመርን ክረምት እስኪገባ ብንሠራባትስ?» አለ።

«ዘይት የጠጣ ፍሪሲዮን አያርስልህም» አሉት። «ደግሞም ማርሹንም፣ ማረሻ የሚያነሣውን ፓምፕም የሚያገለግለው ይኸው አንድ ዘይት ነው። እርሱ ሲጎድል የሚጎዳው ብዙ ነው።»

ከፈትናት። ሞተሩ ወደ ጎን እንዳይጋደም ከፊት አክስሉ ላይ ግራና ቀኝ የእንጨት ሽብልቅ ገባ። ከሁለቱም ወገን በክሪክ ደግፈን፣ ቡሎኖቹን ፈትተን፣ የኋላ ግማሿን በጎማዋ ወደ ኋላ ገፋናት። የፍሪሲዮኑ ዲስክ በዘይት ርሶ፣ ተቃጥሎ እንደ መስተዋት ያበራል። የፓራሊዮው ከንፈር ደርቆ እንደ ቀንድ ሆኗል። ጋሼ ጥፍሬን ዘንጉ ላይ አስኬዱት፤ ያዘኝ። ጎማ ብረትን በዓመታት ብዛት ቦርቡሮታል! አዲሱን ፓራሊዮ ከቀድሞው ቦታ በጥቂት ፈቀቅ አድርገው አስቀመጡት፤ ከንፈሩ ባልተበላ ብረት ላይ እንዲያርፍ ነው። የዘንጉ ጥርሶች እንዳይቆርጡትም ሲያስገቡ በስስ ላስቲክ ሸፍነዋቸው ነበር።

ፓራሊዮው ርካሽ ነበር። ውዱ ዲስኩ ነው፤ እርሱ ደግሞ የእኔ ዕዳ ነበር። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናትና ገዢ አላጣሁም፤ ብስክሌቴን ሸጬ ከፈልሁ። ጋሼ የወጣውን አሮጌ ዘይት በጀሪካን አሠሩት። «ቦዩ ውስጥ የደፋኸውን ዝናብ ጣና ያገባዋል» አሉ።

ግንቦት ሊያልቅ ስድስት ቀን ሲቀረው ወንድሜ ወደ ፎገራ ወረደ። ያሰበውን ሁሉ አላረሰም፤ የዚያን ዓመት ብድር ግን በግማሽ ከፈለ። ስለ ውታፉ አንድም ቀን አንሥቶብኝ አያውቅም።

ትራክተሯ እዚህ ባደረች ቁጥር ማታ ከሥሯ ነጭ ካርቶን አነጥፋለሁ፤ ጧት ቡና ሳልቀምስ ጎንበስ ብዬ አየዋለሁ። እስካሁን ደረቅ ነው። ከካርቶኑ በፊት ግን ቀዳዳዋ ጭቃ እንዳልደፈናት በሽቦ ነካ አድርጌ አረጋግጣለሁ።