ከታች የሚነሣ

«ፖክሞን ፐዝል ሊግ» በ2000 እ.ኤ.አ. ለኒንቴንዶ 64 የወጣ የቪዲዮ ጨዋታ ነው። ከካርቱን ፊልሙ የምናውቃቸው አሽና ፒካቹ ይታዩበታል። ይኸው ጨዋታ ግን በ1995 በጃፓን «ፓነል ደ ፖን» ተብሎ ሲወለድ ባለቤቶቹ የተረት ዓለም ልጃገረዶች ነበሩ፤ በ1996 ወደ አሜሪካ ሲሻገር ዮሺ ተተካባቸው። መልኩ ሁለት ጊዜ ሲለወጥ ሕጉ ከቦታው አልተነቃነቀም።

ሕጉ ቀላል ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ጡቦችን ታቀያይራለህ፤ ሦስት ተመሳሳዮች በአንድ መስመር ሲገጥሙ ይጠፋሉ። በቴትሪስ መከራው ከላይ ይወርዳል፤ እዚህ ከታች ይነሣል። ቁልሉ ጣሪያውን ከነካ አበቃ። ማብቂያ በሌለው የጨዋታው ዓይነት ድል የሚባል ነገር የለም፤ ሽልማቱ ጊዜ ብቻ ነው።

እናቴ በታመመችባቸው የመጨረሻ ወራት፣ እንቅልፍ ሲወስዳት የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጥፍቼ ይህን እጫወት ነበር። ከሕጎቹ ሁሉ አንዱን ወደድሁት፤ ጡቦቹ በሚጠፉበት ቅጽበት ቁልሉ መነሣቱን ያቆማል። ከላይ ያሉት ወደ ክፍተቱ ወድቀው ዳግም ከገጠሙ ደግሞ ፋታው ይረዝማል።

ሐኪሞቹ ድል እንደሌለ ነግረውናል። እኛም መድኃኒቱን በሰዓቱ፣ ሾርባውን በማንኪያ፣ ትራሱን ወደ ጎኗ እያልን አንዱን ሌሊት ከሌላው አጋጠምን። ቁልሉ ይነሣ ነበር፤ ደግሞም ያርፍ ነበር።

ያንን ክረምት አለፈችው። የደመራውን ጭስ በመስኮት አይታ፣ «ወዴት ወደቀ?» ብላ ጠየቀችን።