በመንገድ ዳር ስለሚነበብ ጽሕፈት፤ ሰበታ፥ ቡራዩና ሱሉልታ

ካዲስ አበባ ወጥቶ ወደ ምዕራብና ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ሦስት በሮች አሉት። የጅማው መንገድ በዓለም ገና በኩል ወደ ሰበታ ይወስደዋል፤ የአምቦው መንገድ ቡራዩን አሳልፎ በገፈርሳ ውሃ አጠገብ ያሻግረዋል፤ የጐጃሙም መንገድ በእንጦጦ ትከሻ ላይ ወጥቶ ወደ ሱሉልታ ሜዳ ያወርደዋል። ሦስቱም ከተሞች ከዋናው ከተማ ከ30 ኪሎ ሜትር የበለጠ አይርቁምና፥ በሰንበት ቀን ቤተ ሰቡን ይዞ አየር ለመለወጥ የሚወጣ ሁሉ ካንዱ ሳይደርስ አይቀርም። ፊደል በቅርብ የለዩ ልጆችም በአውቶሞቢሉ መስኮት አንገታቸውን አስግገው በጎዳናው ዳር የተጻፈውን ሁሉ ጮኸው ያነባሉ። ልጁ «ይህ ለምን እንዲህ ተጻፈ?» ብሎ ሲጠይቅ አባትና እናት የሚመልሱለት ነገር እንዲኖራቸው በማሰብ፥ ስለነዚህ ሰሌዳዎች ጥቂት ቃል ለክቡራን አንባቢዎች እናቀርባለን።

የተማረ ሰው በነዚህ መንገዶች ሲያልፍ አስቀድሞ ዓይኑን የሚጥለው በእንግሊዝኛው ስሕተት ላይ ነው። «ሆቴል» የሚለው ቃል የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት ቦታቸውን ተለዋውጠው ሲገኙ፥ ወይም «ሬስቶራንት» አንድ ፊደል ጐድሎት ሲታይ፥ በአውቶሞቢሉ ውስጥ ሣቅ ይሆናል። እኛ ይህን ሣቅ እጅግም አንወደውም። «ሬስቶራንት» ከፈረንሳይ የመጣ ቃል ስለ ሆነ እንግሊዞቹ ራሳቸው ሲጽፉት ይሳሳቱበታል፤ ደግሞም ርቦት የመጣ መንገደኛ አንድ ፊደል በመጕደሉ ምክንያት ምሳውን አላጣም። ጎማ በእንጨት ላይ ሰቅሎ «ጎሚስታ» የሚለውን፥ መኪና የሚያጥበውም «ላቫጆ» የሚለውን ጽሕፈት ስሕተት ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ሁለቱም ከኢጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ ባገሩ ቋንቋ «ጎሚስታ» ማለት የጎማ ሠራተኛው ሲሆን፥ በእኛ ዘንድ ግን የሥራውና የቤቱ ስም ሆኖ ቀርቷል። ቃል አገር ሲለውጥ ጠባዩን ጥቂት ቢለውጥ አይፈረድበትም።

ወደ አማርኛው ስንመለስ ነገሩ ይጠልቃል። ፊደላችን በድምፅ አንድ፥ በመልክ ግን ልዩ ልዩ የሆኑ ሆሄያት አሉት፤ ሀ፥ ሐ፥ ኀ፤ ሰ፥ ሠ፤ አ፥ ዐ፤ ጸ፥ ፀ። በግዕዝ እነዚህ ሲለዋወጡ ቃሉም ይለወጣል። «ሠረቀ» ማለት ወጣ፥ በራ ማለት ነው፤ «ሰረቀ» ግን የሌባን ሥራ ይናገራል። «መሀረ» አስተማረ ነው፤ «መሐረ» ይቅር አለ ነው። «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ ማለት ሲሆን «ሰአለ» ለመነ ማለት ነው፤ ስለዚህ ሰሌዳ የሚጽፈው ባለሙያ በገዛ በሩ ላይ «ሰኣሊ» ብሎ ቢጽፍ፥ ግዕዝ የሚያውቅ መንገደኛ ምጽዋት የሚለምን ሰው ቤት የደረሰ ይመስለዋል። «ድኅነት» መዳን ነው፤ «ድኽነት» ማጣት ነው፤ ሁለቱንም «ድህነት» ብሎ የሚጽፍ ሰው መዳንን የሚያበሥረውን ማስታወቂያ ማጣትን እንዲያበሥር ያደርገዋል። «ሥጋ ቤት» በንጉሡ «ሠ» የሚጻፍ ሲሆን በሦስቱም ጎዳናዎች ላይ በእሳቱ «ሰ» ተጽፎ እናየዋለን፤ ሥጋው ግን ያው ነው።

በዚህ ጕዳይ ፍርድ መስጠት የሚወድ ሰው ግን አስቀድሞ የዋናውን ከተማ ስም ይመልከት። የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ሲታተም በስሙ ላይ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ተብሎ የተጻፈው በዐይኑ «ዐ» ነበር፤ የከተማው ስም ግን በየመንገዱ ሁሉ በአልፋው «አ» ይጻፋል። በመዝገበ ቃላቱ ሕግ ቢፈረድ ከሦስቱም ከተሞች ወደ አዲስ አበባ የሚያመለክተው ሰሌዳ ሁሉ ሊወርድ ነው። እንዲህ የሚል ሰው የለም፤ ልማድ ፈርዶለታል። ስለዚህ የእኛ አሳብ፥ በሞክሼ ሆሄያት ረገድ ባለ ሱቁን መተው፥ የመንግሥትን መሥሪያ ቤትና ትምህርት ቤትን ግን መያዝ ነው። ልጅ ትክክለኛውን ሆሄ የሚማረው ከሥጋ ቤት በር አይደለምና።

የጅማው መንገድ ከሰበታ በፊት በዓለም ገና ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ቡታጅራ ይዞራል። የዚህች ከተማ ስም አንድ ጊዜ «ዓለም ገና»፥ አንድ ጊዜም «አለምገና» ተብሎ ይጻፋል። ነገር ግን ከሆሄው ይልቅ የሚደንቀው ሁለተኛው ቃል ነው። «ገና» ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ የልደት በዓል ነው። አማርኛ በተለምዶ ሲጻፍ ማጥበቂያ ምልክት ስለማይደረግበት፥ ይህን የሚለየው አንባቢው እንጂ ሰሌዳው አይደለም። የአገሩ ልጅ ሳይሳሳት ያነበዋል፤ ቋንቋውን በመጽሐፍ የተማረ የውጭ አገር ሰው ግን የዓለም ሁሉ የልደት በዓል የሚከበርበት ስፍራ የደረሰ ሊመስለው ይችላል። ይህን ያነሣነው ለጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ከዚህ ቀጥሎ የምንናገረው ስሕተት ሥሩ እዚህ ላይ ስለ ሆነ ነው።

ሦስቱም ከተሞች በኦሮሚያ ክልል ውስጥ ናቸው፤ መሥሪያ ቤቱም የሚጽፈው በኦሮምኛ ነው። ኦሮምኛ አስቀድሞ በግዕዝ ፊደል ተጽፏል፤ ኦኔሲሞስ ነሲብ የተረጐሙት መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በዚሁ ፊደል ታትሟል። በ1984 ዓ.ም. ግን በላቲን ፊደል እንዲጻፍ ተወሰነ፤ ይህም አጻጻፍ ቁቤ ይባላል። ስለ ምርጫው የሚደረገውን ክርክር ለሌላ ጊዜ እንተወዋለን። ለነገራችን የሚያስፈልገው፥ በቁቤ ሕግ የጠበቀ ድምፅ ሁለት ጊዜ፥ የረዘመም አናባቢ ሁለት ጊዜ መጻፉ ነው። አማርኛ ለአንባቢው አስተዋይነት የሚተወውን ቁቤ በፊደል ያሳያል። በአማርኛ ልማድ ያደገ ሰሌዳ ጸሓፊ ግን ሁለተኛው ፊደል ለጌጥ የተጨመረ ይመስለውና ይተወዋል፤ ወይም ቦታ ሲተርፈው አንድ ይጨምራል።

ከዚህ የሚወለደውን እንመልከት። «ሶዳ» የሚለው የኦሮምኛ ቃል «ደ»ው ላልቶ ሲነገር ፍርሃት ነው፤ ጠብቆ ሲነገር አማች ነው። (አማቹን የሚፈራ ሰው ልዩነቱ አይታየውም ይባል ይሆናል።) «ዹገ» መጨረሻው አጥሮ ሲነገር ይጠጣል ማለት ነው፤ «ዹጋ» ረዝሞ ሲነገር እውነት ነው፤ የሜታ ቢራ በተጠመቀባት በሰበታ ይህን ማደባለቅ መልካም አይደለም። ከሁሉ የሚከፋው ግን ይህ ነው፤ «ለፈ» ማለት መሬት ነው፤ «ላፋ» ማለት ለስላሳ ወይም ደካማ ማለት ነው። የመሬት ቢሮ የሚለውን ሰሌዳ የሚጽፍ ሰው በቃሉ መካከል አንዲት ፊደል ቢጨምር፥ በቢሮው በር ላይ ደካማ ቢሮ ተብሎ ይሰቀላል።

እዚህ ላይ ሣቁ ይቆማል። በነዚህ ከተሞች ዙሪያ የመሬት ነገር የቤት ሁሉ ነገር ነው። እርሻው በከተማ ተከቦ ይዞታውን ለማስመዝገብ የሚመጣ ሽማግሌ፥ በገዛ ቋንቋው የተጻፈው የበር ጽሕፈት እንዲህ ሆኖ ካገኘው፥ በውስጥ ባለው መዝገብ የአባቱና የአያቱ ስም በትክክል መጻፉን በምን ያምናል? በይዞታ ደብተርና በመታወቂያ ላይ ያለው ስም በአንድ ፊደል ቢለያይ፥ ይህ ሰው ያ ሰው መሆኑን ለማስረዳት ስንት ቀን መመላለስ እንደሚያስፈልግ ጕዳይ ያለበት ሁሉ ያውቀዋል። እንግዲህ ባልተማረ ነጋዴ እንግሊዝኛ ላይ የምናወጣውን ጕልበት ወደዚህ ብንመልሰው ይሻላል። የእንግሊዝኛው ስሕተት የሚያሳፍረው በቋንቋው የማይኖረውን ሰው ነው፤ የኦሮምኛው ስሕተት ግን የቋንቋውን ባለቤት በገዛ ደጁ ይነካዋል። በ2012 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ ኦሮምኛን፥ ትግርኛን፥ ሶማልኛንና አፋርኛን ከአማርኛ ጋራ የፌዴራል የሥራ ቋንቋዎች እንዲሆኑ ስላሰበ፥ ይህ ጥንቃቄ ለአዲስ አበባም መሥሪያ ቤቶች የሚገባ ነው።

ስሕተት ያልሆነውን ስሕተት ማለትም አለ። ከሱሉልታ ወዲያ በጐጃሙ መንገድ ጫንጮ የምትባል ከተማ አለች። በቁቤ «ጨ» የሚጻፈው እንግሊዞች «ሲ» በሚሉት በአንዱ ፊደል ብቻ ነው፤ ሲና ኤች ሁለቱ ተጋጥመው ሲጻፉ ደግሞ «ቸ» ይሆናሉ። ስለዚህ የከተማይቱን ስም በቁቤ የሚያነብ የውጭ አገር ሰው «ካንኮ» ይላታል፤ በእንግሊዝኛ ልማድ የተጻፈውን በቁቤ የሚያነብ የአገር ልጅ ደግሞ «ቻንቾ» ይላታል። ከሰበታ በላይ የሚታየው የወጨጫ ተራራም ዕጣው ይኸው ነው። በለገጣፎ ስም ውስጥ ያለው «ጠ» በቁቤ ኤክስ በሚባለው ፊደል ስለሚጻፍ፥ እንግዳው ምላሱን ሲያስቸግረው እናያለን። አንድ ስም በሁለት መልክ የተጻፈባቸውን ሰሌዳዎች አይቶ አንደኛው ተሳስቷል የሚል ሰው፥ ሁለት ቋንቋዎች አንድ ፊደል ተበድረው እያንዳንዳቸው በየሕጋቸው እንደሚሠሩበት አልተረዳም። ለልጆች ይህን ማስረዳት እጅግ ደስ ይላቸዋል፤ በሚቀጥለው ሰሌዳ ላይ የትኛው ሕግ እንደ ተሠራበት ራሳቸው ፈልገው ያገኙታል።

በሰበታ ብዙ ዘመን የቈየ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አለ። በዚያ የሚነበበው በብሬል ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል ቢበዛ ከ6 ነጥቦች ይሠራል። በፈረንሳዊው በብሬል ሥርዐት አንዲት ነጥብ የላቲን የመጀመሪያ ፊደል ናት፤ ከበታችዋ አንዲት ሌላ ብትጨመር ሁለተኛው ፊደል ትሆናለች። በጣቱ የሚያነብ ልጅ «ያው ነው» ብሎ የሚያልፈው ነጥብ የለውም። ዓይን ያለን እኛ ግን ሰሌዳውን ሳንጨርስ ከመልኩ ገምተን እናልፋለን፤ ብዙ ስሕተት ዘመን ሙሉ ተሰቅሎ የሚኖረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሲጻፍ ትክክል የነበረውን ጊዜ ራሱ ስሕተት ያደረገውም ይገኛል። በ2015 ዓ.ም. የሸገር ከተማ ሲቋቋም ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም በአንድ የከተማ አስተዳደር ሥር ሆነው ክፍላተ ከተማ ተባሉ። ከዚያ በፊት የተጻፈው «የከተማ አስተዳደር» የሚል ማኅተምና ሰሌዳ ሁሉ በአንድ ጊዜ አረጀ። የሞተ ስም የተሸከመ ብረት ባለ ጕዳዩን ወደተዘጋ በር ስለሚመራው፥ ከፊደል ግድፈት ይልቅ ይህ ያንከራትታል።

ስለ መንገድ ምልክቶች አንድ ነገር ብቻ እንናገራለን። ስምንት ማዕዘን ባለው ቀይ ሰሌዳ ላይ «ቁም» ተብሎ የተጻፈው፥ መኳንንት ይሁን ሹፌር ሳይለይ ሁሉን በአንተ ይጠራል። «ይቁሙ» ቢል ለትሕትና ያማረ ነበር፤ ነገር ግን ፈጥኖ የሚመጣ መኪና ለተጨማሪ ፊደል ጊዜ ስለሌለው፥ በዚህ ስፍራ ብቻ አንተ መባልን በደስታ እንቀበላለን። ቅርጹም ሌላ ምልክት የማይካፈለው ስለ ሆነ፥ ጽሕፈቱ በጭቃ ቢሸፈንም ትእዛዙ አይጠፋም።

ከላይ የቈጠርናቸው ስሕተቶች አብዛኞቹ የሰሌዳ ጸሓፊው አይደሉም። እርሱ ቀለሙንና ብሩሹን ያውቃል፤ ጽሕፈቱን የሚቀበለው ግን ከመሥሪያ ቤት በመጣ ቍራጭ ወረቀት ነው፤ ወረቀቱን የጻፈው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሦስቱ ቋንቋዎች አንዱን ብቻ አጥርቶ የሚያውቅ ሰው ነው። ብረቱ ከመቀባቱ በፊት ወረቀቱ በየቋንቋው ለአንድ አንድ አንባቢ፥ ለምሳሌ በአቅራቢያው ላለ የኦሮምኛ መምህር ቢታይ፥ ወጪው አይቈጠርም። ይህን ባለማድረግ የሚመጣውን የዌልስ ሰዎች ያውቁታል። በብሪታንያ በዌልስ አገር የመንገድ ሰሌዳ በእንግሊዝኛና በዌልስኛ መጻፍ አለበት። በ2008 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በስዋንዚ ከተማ ከባድ የጭነት መኪና እንዳይገባ የሚከለክል ሰሌዳ ለማሠራት ፈልገው፥ የእንግሊዝኛውን ቃል ለአስተርጓሚ በኤሌክትሮኒክ መልእክት ላኩ። ወዲያው በዌልስኛ መልስ መጣላቸው፤ እነርሱም እንደ መጣ ገልብጠው በብረት ላይ አስጽፈው በጎዳናው ዳር አቆሙት። የእንግሊዝኛው ክፍል የጭነት መኪና አይግባ ይላል፤ ከበታቹ ያለው ዌልስኛ ግን አስተርጓሚው አሁን በቢሮ አለመኖሩን፥ የሚተረጐምም ሥራ ካለ እንዲላክለት የሚናገር የማሽን መልስ ነበር። ቋንቋውን የሚያነቡ መንገደኞች አይተው እስኪናገሩ ድረስ ቆሞ ቈየ፤ ከዚያም ተነቀለ።