የጠራ መስሎኝ

በአምቦ ቤታችሁ በመስታወት ገንዳ ዓሣ ለማኖር ብታስቡ የእኔን ስሕተት አትድገሙት። ውኃው ጠርቶ ስላየሁት ብቻ፣ ከአዲስ አበባ በፌስታል ያመጣኋቸውን ስድስት ዓሦች በማግሥቱ ጨመርሁበት። ታናሽ እኅቴ ለሁሉም ስም አውጥታላቸው ነበር። በሳምንቱ አንዲት ብቻ ቀረች።

የፈጃቸው ዓይን የማያየው አሞኒያ ነው፤ ከራሳቸው ከዓሦቹና ከተረፈው ምግብ ይወጣል። ይህን መርዝ ወደ ናይትራይት፣ እርሱንም ጉዳቱ ወደ ቀለለው ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች በአሸዋውና በማጣሪያው ላይ እስኪበዙ ብዙ ሳምንታት ይፈጃል። የአምቦ ሌሊትም ይበርዳልና፣ ውኃውን 25 ዲግሪ አካባቢ የሚያቆይ ማሞቂያ ያሻል። (እኅቴ የታሸገውን አምቦ ውኃ እንሙላበት ብላኝ ነበር፤ ጋዙ ያፍናቸዋል!)

አሁን በየሳምንቱ ሩቡን ውኃ እቀይራለሁ። እኅቴ ለተረፈችው ጓደኛ አምጣላት ትለኛለች፤ እኔ ግን ገና አላመጣሁም።