የሚነገረውና የማይነገረው ኪሳራ

ሰው በገንዘቡ ሲከስር ጉዳቱ ሁለት ነው፤ አንደኛው ከኪሱ የጎደለው፥ ሁለተኛው ኪሳራውን ደብቆ ለብቻው መሸከሙ። ይህን የተረዳነው በጉና ተራራ አካባቢ፥ በገሳይ አብሮን ካስተማረ አንድ ባልንጀራችን ነው።

ቢትኮይን የሚባለው፥ በኮምፒዩተር መረብ ብቻ የሚንቀሳቀሰው ገንዘብ፥ በኅዳር 2014 ዓ.ም. አንዱ ወደ 69 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ደርሶ ነበር። ወሬው በየስፍራው ሲናኝ፥ ባልንጀራችን ለእናቱ ቤት ቆርቆሮ መግዣ ያጠራቀመውን ብር ለውጭ አገር ዘመዱ አስረክቦ ከዚሁ ገንዘብ ጥቂት አስገዛ።

ነገር ግን በግንቦት ቴራ የተባለው ተመሳሳይ ገንዘብ ፈረሰ፤ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክም በእንዲህ ያለ ገንዘብ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስጠነቀቀ። በኅዳር 2015 ዓ.ም. ኤፍቲኤክስ የተባለው ታላቅ የመገበያያ ድርጅት ከሠረ፤ የቢትኮይን ዋጋም ከ16 ሺህ ዶላር በታች ወረደ።

ብዙዎቹ የዜና ሰዎች ትናንት ባለጸጋ ያደርጋል ያሉትን ዛሬ ሞተ አሉት። መውጣቱን በጮኹበት ድምፅ መውደቁንም ጮኹ፤ ዋጋው ስለምን እንደሚወጣና እንደሚወርድ ግን ለእኛ ለጀማሪዎቹ ያስረዳን አልነበረም። የገሳይ ገበሬ የድንች ዋጋ ቢወድቅበት ድንቹን ለቤተሰቡ ይቀቅለዋል፤ ባልንጀራችን የያዘው ግን ሌላ ገዢ ካልፈለገው በቀር ጥቅም የሚሰጠው አልነበረም። ስለዚህ የተረፈውን ለማዳን ሸጠው፤ ከሰጠው ብር የተመለሰለት ሩቡን ያህል ነው። ክረምት ሲገባ የእናቱ ቤት አፈሰሰ፤ እናቱም ደመወዝ ያነሰው መስሏቸው ዝም አሉ። እርሱም ለማንም አልተናገረም።

በኅዳር 2017 ዓ.ም. የቢትኮይን ዋጋ ከ100 ሺህ ዶላር አለፈ። ቡና ላይ የተሰበሰቡ የሰፈር ወጣቶች እንዴት እንደሚገዛ ይጠያየቁ ጀመር። ያን ጊዜ ባልንጀራችን ስኒውን አስቀምጦ ከቆርቆሮው ጀምሮ የሆነውን ሁሉ ነገራቸው። እኛም የሰማነው ያን ዕለት ነበር።

አንዱ ወጣት፥ «ጋሼ፥ እስከ ዛሬ ቢይዙት ኖሮ ያተርፉ አልነበረምን?» አለው።

«አተርፍ ነበር፤ ዝናቡ ግን እስከ ዛሬ አልጠበቀንም» ሲል መለሰ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ያን ቀን ከቡናው የተነሡት ወጣቶች ከዜናው ያላገኙትን ትምህርት ከአንድ ሰው እውነት ያገኙ ይመስለናል።