የተማሪዎቻችን ውጤት እኛ ጋ ይቀመጥ

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ካኩማ ካምፕ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ አስተምራለሁ፤ እኔም ስደተኛ ነኝ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ራሽን ሳይሆን ስለ ማርክ ነው።

ስደተኛ ተማሪ አገር ሲቀይር ወረቀቱ አብሮት አይሄድም። ትራንስክሪፕት አምጣ ሲባል የሚያመጣው የለውም። አንድ ፕሮጀክት እኛ ጋ መጥቶ የልጆቹን ውጤት በራሱ ሲስተም ሲመዘግብ ቆየ። በጀቱ ሲያልቅ ሲስተሙም ተዘጋ። የሁለት ዓመት ውጤት አብሮ ሄደ። ብንጠይቅ መልስ የሚሰጠን አጣን።

ስለዚህ ሙድልን በራሳችን ማሽን ላይ ጫንን። ሙድል ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነጻ የሚሰራጭ የማስተማሪያ ሶፍትዌር ነው። ያለን አሮጌ ላፕቶፕ፣ ኡቡንቱ፣ አፓቼ፣ ፒኤችፒ፣ ማሪያዲቢ እና አንድ ራውተር ነው። ኢንተርኔት ያስፈለገን ለማውረድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ተማሪው ክፍል ውስጥ በዋይፋይ በስልኩ ይገባል። ላፕቶፕ የመረጥነው ባትሪ ስላለው ነው። መብራት ድንገት ሲጠፋ ዳታቤዝ ሊበላሽ ይችላል።

መሞከር ለምትፈልጉ መምህራን፦

1. ዳታቤዙን ስትፈጥሩ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ምረጡ። ላቲን1 ከሆነ የአማርኛ ስም "????" ሆኖ ሊቀር ይችላል። የልጆቻችን ስም በየቢሮው የተበላሸው ይበቃል።

2. ሙድል በሩት አይግባ። የራሱን ተጠቃሚ ፍጠሩለት፤ ሥልጣኑ በዚያ ዳታቤዝ ብቻ ይወሰን። ዳታቤዙም ከ127.0.0.1 ውጪ ለማንም በር አይክፈት።

3. ሙድልዳታ የሚባለውን ፎልደር በብራውዘር ከሚደረስበት ቦታ ውጪ አስቀምጡት። የልጆቹ ፋይል ያለው እዚያ ነው።

4. ባክአፕ ስትይዙ ዳታቤዙን፣ ሙድልዳታንና የኮንፊግ ፋይሉን አንድ ላይ ያዙ። እኛ በየሳምንቱ አርብ በተመሰጠረ ፍላሽ ገልብጠን ሌላ ቤት እናስቀምጣለን። በወር አንዴ ሌላ ማሽን ላይ መልሰን እንሞክረዋለን።

"ለማርክ ይህን ያህል ጥንቃቄ ምንድነው?" የሚለኝ አለ። እዚህ የት እንዳለ እንዳይታወቅበት የሚኖር ቤተሰብ አለ። የልጁ ስምና ክፍል ያለበት ዝርዝር ወጣ ማለት አባትየው ተገኘ ማለት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመታወቂያ ቁጥር፣ የብሎክ አድራሻ፣ ፎቶ አንመዘግብም። ስም፣ ክፍልና ውጤት ይበቃናል።

ባለፈው ተርም አንዲት ተማሪያችን በሪሴትልመንት ስትሄድ ውጤቷን አትመን፣ ማህተም አድርገን በእጇ ሰጠናት።

ለድርጅቶች አንድ ጥያቄ አለኝ፦ የልጆቻችንን መረጃ ስትሰበስቡ ኮፒውን ለትምህርት ቤቱ ተዉ። ስትወጡ ሳይሆን ስትጀምሩ።

በሌላ ካምፕ የምታስተምሩ ወንድሞችና እህቶች በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ደረጃ በደረጃ አብረን እንጭናለን። ለመምህራን ሼር አድርጉልኝ።