ካንት እና ባለ ራእዩ

እ.ኤ.አ. በ1759 መናፍስትን አያለሁ ይል የነበረው ስዊድናዊ ኢማኑኤል ስዊድንቦርግ በጎተንበርግ ከተማ ግብዣ ላይ ሳለ ፊቱ በድንገት ገረጣ ይባላል። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ስቶክሆልም እየነደደች መሆኗን ለተጋባዦቹ ነገራቸው፤ እሳቱ የት ላይ እንደቆመም ጭምር። ቃጠሎው በእርግጥ ደርሶ ነበር።

ወሬው ፕሩሲያ ውስጥ ኮኒግስበርግ ሲደርስ አንድ የዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና መምህር ነገሩን በዋዛ አላለፈውም። ኢማኑኤል ካንት በሰው አስጠየቀ፤ የባለ ራእዩን ስምንት ጥራዞች በ7 ፓውንድ ገዝቶ አነበበ። በ1766 ስሙን ሳይጠቅስ ባሳተመው መጽሐፍም ስዊድንቦርግን ክፉኛ ተቸ። የከበደው በትር ያረፈው ግን በራሱ የሙያ ባልደረቦች ላይ ነው። ስለ ነፍስና ስለ መናፍስት ዓለም በአመክንዮ ብቻ ሥርዓት የሚዘረጋ ፈላስፋ ከባለ ራእዩ በምን ይለያል? የሁለቱንም ቃል ሌላ ሰው ሊያረጋግጠው አይችልም። ካንት ለዚህ ዓይነቱ ፍልስፍና፣ ለሜታፊዚክስ፣ አዲስ ሥራ የሰጠውም እዚያው ነው፦ የሰው አእምሮ ድንበር የት እንደሆነ መመርመር።

ምርመራው ዓመታት ወሰደ። በ1781 የወጣው «የንጹሕ አመክንዮ ሂስ» አንድ የቆየ ጥያቄ ያነሳል፦ ዓለም መነሻ አላት? አላት ከተባለ ከእሷ በፊት ባዶ ጊዜ ነበር፤ በባዶ ጊዜ ውስጥ ደግሞ አንዱን ቅጽበት ከሌላው አስበልጦ መነሻ የሚያደርግ ምክንያት አይገኝም። የላትም ከተባለ ማለቂያ የሌለው ዘመን አልቆ ዛሬ ላይ ተደርሷል ማለት ነው፤ ይህም አይሆንም። ሁለቱም ወገን ሌላውን መርታት ይችላል፣ በራሱ መቆም ግን አይችልም። ካንት እንደሚለው ስሕተቱ ከጥያቄው ይጀምራል። ሰው በልምዱ የሚያገኘው የዓለምን ክፍሎች ነው፤ «መላው ዓለም» በእጁ ገብቶ አያውቅም።

ዛሬ ፊዚክስ ጉዳዩን ዘጋው የሚሉ አሉ። አልዘጋውም። የኮስሞሎጂ ስሌት 13.8 ቢሊዮን ዓመት ያህል ወደ ኋላ ይወስድና እጅግ ጥቅጥቅ ያለና የጋለ ሁኔታ ላይ ያደርሳል። ያ ሁኔታ የሁሉ ነገር መጀመሪያ ነው ወይስ እኛ የምናውቃቸው ሕጎች የሚደርሱበት ጫፍ? ቴሌስኮፕ ብቻውን ይህን አይመልስም።

ከካንት በኋላ የመጣው ፈላስፋ ሄግል ድንበር ያሰመረ ሰው አስቀድሞ ተሻግሮታል ሲል ሞግቷል። ሙግቱ ቀላል አይደለም፤ ሆኖም ካንት ሜታፊዚክስን ገደለ የሚለው ተደጋጋሚ ወሬ ፈጽሞ ፍትሐዊ አይደለም። ነፍስ፣ ነፃነትና እግዚአብሔር አእምሮ ሊሸሻቸው የማይችል ጥያቄዎች መሆናቸውን ከማንም በላይ አጥብቆ የተናገረው እሱ ነው። ሂሱን ካሳተመ በኋላም የፈላስፋውን የባውምጋርተንን «ሜታፊዚካ» የተሰኘ መጽሐፍ እያስነበበ ትምህርቱን ለዓመታት ቀጥሏል።